ድምፁ ይሰማል፣ ሙሽሮቹ አይታዩም፦ የኤችዲ ቪዲዮን ለተቀባዩ በሚከፈት ፋይል ስለ ማውጣት

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ሳምንታት መጨረሻ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን ፍላሽ ዲስክ ይዞ ወደ ቢሯችን መጣ። በፍላሹ ውስጥ አዲስ አበባ የተደረገው የእኅቱ ልጅ ሠርግ ነበረ። የሙሽራዪቱ አያት፣ ማለትም የባልደረባችን እናት፣ የሚኖሩት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ በምትገኘው ዘመሮ ነው። ጉልበታቸው መንገድ ስለማያስኬዳቸው ሠርጉ ላይ አልተገኙም። በእርሳቸው ፋንታ የሄደው ባና ነበር፤ ሱፉን ከገዛ በጎቻቸው አሸልተው፣ ራሳቸው ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት ጥቁር የመንዝ ባና። ባናው በሽማግሌ እጅ በሙሽሮቹ ትከሻ ላይ ሲደረብ ማየት ይፈልጋሉ። የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ በቴሌግራም ተደረገ። ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ቅንጭብ ቪዲዮ ለአንድ የጎረቤት ልጅ ተልኮ፣ ልጁ በስልኩ አሳያቸው። «እማማ፣ ይኸውና ባናዎት» ቢላቸውም እርሳቸው ያዩት በሙሽሮቹ ትከሻ ላይ ያረፈ አንድ ጥቁር ነገር ነው። «ይህ ባና ነው ወይስ ጥላ?» ብለው ጠየቁ። ሁለተኛው ሙከራ ፍላሽ ነበር። ቪዲዮውን ያቀናበረው ስቱዲዮ «ጥራቱ ከሁሉ የበለጠውን» ቀድቶ ሰጠ፤ ፍላሹም በደብረ ብርሃን በኩል በሚያልፍ መንገደኛ እጅ ዘመሮ ደረሰ። በዲሽ መቀበያው ላይ ሲሰካ የፋይሉ ስም ወጣ፤ ሲከፈት እልልታው፣ ከበሮው፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብሎ ጠጋኝ ጠራ። ጠጋኙ መረመረና ቴሌቪዥኑ ደኅና መሆኑን ተናግሮ ሄደ። ፍላሹ ወደ እኛ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በአገራችን ሠርግ፣ ምርቃት፣ ተዝካርና ክርስትና በኤችዲ ካሜራ መቀረጽ ከጀመረ ሰንብቷል፤ በቅንብሩም በኩል ብዙ ወጣቶች ጥሩ ሙያ አዳብረዋል። የመጨረሻው እርምጃ፣ ማለትም የተቀናበረውን ሥራ ከቅንብር ፕሮግራሙ አውጥቶ ባለቤቱ ሊያየው በሚችል ፋይል ማስረከብ፣ ግን በልማድና በግምት የሚሠራ ሆኖ ቆይቷል። የፕሮግራሙ የማውጫ መስኮት ሲከፈት በርካታ ምርጫዎች ይደረደራሉ፤ አቀናባሪው ወይ ቀድሞ የተሠራበትን ይደግማል፣ ወይ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ይመርጣል። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚያ ምርጫዎች በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስና ሒሳብ በጥቂቱ ለማስረዳት እንሞክራለን። ስሌቱ ከአንደኛ ደረጃ ማባዛት የማያልፍ ስለሆነ አንባቢው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢከተለን ደስ ይለናል።

ያልተጨመቀ ምስል ምን ያህል ይከብዳል?

ሙሉ ኤችዲ የሚባለው አንድ ምስል 1920 ፒክስል በወርድና 1080 ፒክስል በቁመት አለው። ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ፒክስል ይሆናሉ። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞቹን ለመግለጽ በትንሹ ሦስት ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ምስል 6,220,800 ባይት ይይዛል። በአገራችን የቴሌቪዥን አሠራር በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚታዩት ምስሎች፣ በሙያው አነጋገር ፍሬሞች፣ 25 ናቸው። ድምሩ በሰከንድ 155,520,000 ባይት ነው። 32 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ በዚህ ፍጥነት ቢሞላ የሚበቃው ለሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ሙሽሮቹ ከመኪና ሳይወርዱ ያልቃል።

ስለሆነም ቪዲዮ ሁልጊዜ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ጭመቃ በዓይናችን አፈጣጠር ላይ የተመሠረተ ነው። ዓይናችን የብርሃንና የጥላን ልዩነት በረቂቁ ይለያል፤ የቀለምን ልዩነት ግን በዚያው መጠን አይለይም። ስለዚህ የብርሃኑ መጠን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይመዘገብና ቀለሙ ለአራት ጎረቤት ፒክስሎች በጋራ አንድ ጊዜ ይመዘገባል። ይህ አመዘጋገብ 4፡2፡0 በሚል ቁጥር ይጠራል። ቀለሙ ለሁለት ለሁለት ፒክስል በጋራ ከተመዘገበ ደግሞ 4፡2፡2 ይባላል። አንባቢው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንዲያስታውሳቸው እንጠይቃለን፤ የዘመሮው ጨለማ ስክሪን ምክንያት እዚህ ዘንድ ነው።

በ4፡2፡0 አመዘጋገብ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሰከንድ 77,760,000 ባይት፣ ወይም 622 ሜጋ ቢት ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ጠቁመን እንለፍ፦ በማውጫው መስኮት ላይ ቢት ሬት ተብሎ የሚጠየቀው ቁጥር በቢት እንጂ በባይት አይደለም። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ አንድ ሜጋ ባይት፣ በሰዓትም 3.6 ጊጋ ባይት ማለት ነው። እንግዲህ 622 ሜጋ ቢት የነበረውን ወደ 8 ስናወርደው ከሰባ ስምንት እጅ አንዱን ብቻ እናስቀራለን። ቀሪው የት ይገባል?

ባናው ለምን ጠፋ?

ከሚቀነሰው ውስጥ ትልቁ ድርሻ ከመጀመሪያውም መደጋገም የነበረ ነው። ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ በ25ቱም ፍሬሞች ውስጥ ያው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጨማቂው ፕሮግራም አንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ ይመዘግብና ለሚከተሉት «ይህ ቁራጭ ባለበት ነው፣ ያኛው በሦስት ፒክስል ወደ ቀኝ ሄዷል» እያለ ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። በዚህ ዘዴ የሚነገር ንግግር፣ የቆመ ሰው፣ ባዶ አዳራሽ በጣም ትንሽ ቦታ ይበቃቸዋል። እስክስታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትከሻው የሚሄድበትን አስቀድሞ መገመት አይቻልም።

ከዚህም የባሰ አለ። በመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ጭላዳ ዝንጀሮ ወይም ቀይ ቀበሮ ቀርጾ የሚያውቅ ሰው የሚነግረን ነገር አለ። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ደጋ ላይ ነፋስ የጓሳውን ሣር ሲያወዛውዘው፣ በምስሉ ውስጥ ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ። ጨማቂው የሚተነብየው ነገር ያጣል። ለንግግር ከበቂ በላይ የሆነው 8 ሜጋ ቢት ለዚህ ሣር አይበቃውም፤ ሣሩ ወደ አረንጓዴ ሸክላ ይለወጣል። ቢት ሬት ስንመርጥ የርዝመቱን ያህል የይዘቱን ጠባይ ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ትንበያው ሊሸፍነው ያልቻለው ልዩነት ደግሞ ወደ ሒሳብ ማሽኑ ይገባል። ምስሉ ለምሳሌ 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን የኮሳይን ሞገዶች ድምር ተደርጎ ይጻፋል። የክራር ድምፅ ወደ ዋና ድምፁና ወደ ተከታዮቹ ሞገዶች እንደሚተነተነው ማለት ነው። የዚህ ዘዴ ፈልሳፊ ናሲር አህመድ የተባሉ በሕንድ የተወለዱ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆነው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ቀደም ብለው ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ጠይቀው ነበር፤ ሐሳቡ እጅግ ቀላል መስሎ በመታየቱ ድጋፉን አላገኙም። ለምርምር ድጋፍ ጥያቄ ለሚጽፉ ወጣት ባልደረቦቻችን ይህን ታሪክ ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ዛሬ ፎቶግራፉም ቪዲዮውም የሚሄደው በዚሁ ዘዴና በዘመዶቹ ነው።

እስከዚህ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ጥፋቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። የሞገዶቹ መጠን በአንድ ቁጥር ይካፈልና ውጤቱ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። ለምሳሌ የአንድ ሞገድ መጠን 37፣ ማካፈያው 16 ቢሆን፣ ውጤቱ 2.3 ሆኖ 2 ተብሎ ይጻፋል፤ ሲመለስ 2 በ16 ተባዝቶ 32 ይሆናል። ከ37 አምስቱ ቀርተዋል፤ ዓይን ላያስተውለው ይችላል። አሁን ወደ ባናው እንምጣ። ባናው ጥቁር ነው፤ የፈትሉ መስመር ከጥቁሩ መደብ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ የሞገዶቹ መጠን 5፣ 3፣ 4 ቢሆን ነው። እነዚህ ለ16 ሲካፈሉ ሁሉም ወደ ዜሮ ይጠጋጋሉ። ዜሮ በ16 ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። ፈትሉ፣ ሽመናው፣ ጠርዙ በሙሉ ጠፍቶ አንድ ወጥ ጥቁር ይቀራል። የጎረቤቱ ልጅ ስልክ ላይ የታየው ይህ ነው፤ አያትየዋ «ጥላ» ማለታቸው በሒሳቡም ትክክል ነበር። ነጭ ጥለት ያለው የሙሽራዪቱ ቀሚስ በዚያው ቪዲዮ ላይ ደኅና መታየቱ ልዩነቱ ጎላ ያለ ስለሆነ ነው።

ቴሌግራም ቪዲዮን በቪዲዮነቱ ስንልከው መልሶ ይጨምቀዋል፤ በፋይልነት ስንልከው ግን እንዳለ ያደርሰዋል። እዚህ ላይ አጥብቀን ልንናገረው የሚገባ ነገር፣ ዜሮ የሆነው ዜሮ ሆኖ መቅረቱ ነው። ያንን ደካማ ቅጂ ወስዶ በ50 ሜጋ ቢት እንደገና ማውጣት ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ ፈትሉን አይመልሰውም። በቅርብ ዓመታት የደበዘዘ ምስል አጥርተን እንመልሳለን የሚሉ ፕሮግራሞች ወጥተዋል። እነርሱ የሚስሉት ባና በሌሎች ብዙ ጨርቆች ላይ ከተማሩት የተገመተ ነው፤ ዘመሮ የተፈተለው ፈትል አይደለም።

መያዣውና በውስጡ ያለው

ወደ ፍላሹ እንመለስ። በፍላሹ ላይ ሁለት ፋይሎች ነበሩ፤ የሁለቱም ስም መጨረሻ ኤምፒ 4 ይላል። ባልደረባችን «ኤምፒ 4 ከሆነ በሁሉም ቦታ ይከፈታል ተብለን ነበር» አለ። ይህ በሰፊው የተለመደ ስህተት ነው። ኤምፒ 4 የመያዣ፣ በሙያው አጠራር የኮንቴይነር፣ ስም ነው። አገልግል ስናይ በውስጡ ዶሮ ወጥ ይኑር ሽሮ እንደማናውቅ ሁሉ፣ የፋይሉ ስም በውስጡ ያለው ምስል በምን ዘዴ እንደተጨመቀ አይነግረንም። የጭመቃው ዘዴ ኮዴክ ይባላል። በአንድ ኤምፒ 4 ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ሊኖር ይችላል፤ በ2013 የወጣው ኤች.265 ሊኖር ይችላል፤ ሌላም ሊኖር ይችላል። ድምፁም የራሱ ኮዴክ አለው። ኤምኦቪ የሚባለው መያዣ ለኤምፒ 4 የቅርብ ዘመድ ነው፤ የኤምፒ 4 አሠራር የተወሰደው ከእርሱ ነው። በውስጡ ብዙ ጊዜ ፕሮሬስን የመሰለ፣ ለቅንብር የሚመች ግን በቴሌቪዥን የማይፈታ ኮዴክ ይገኛል።

ኮምፒዩተር አዲስ ኮዴክ ቢያጋጥመው ፕሮግራም ተጭኖለት ይፈታዋል። ቴሌቪዥንና ዲሽ መቀበያ ግን ምስሉን የሚፈቱት በውስጣቸው በተሠራ ቺፕ ነው። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ያላወቀውን ኮዴክ ከዚያ በኋላ የሚማርበት መንገድ የለውም። በፋይሎቹ ውስጥ ያለውን በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ስንመረምር ምስሉ ኤች.265፣ ባለ 10 ቢት፣ 4፡2፡2፣ በሰከንድ 50 ፍሬም፣ 20 ሜጋ ቢት ሆኖ ተገኘ። ድምፁ ኤኤሲ የተባለው የተለመደ ዓይነት ነው። እንቆቅልሹ በዚህ ተፈታ፦ መቀበያው ድምፁን ያውቃል፤ ምስሉን አያውቅም። የኋለኛ ዘመን ቴሌቪዥኖች ኤች.265ን ይፈታሉ፤ ባለ 10 ቢት የሆነውንም ብዙዎቹ ይፈታሉ። 4፡2፡2 ሲሆን ግን ለቤት የሚሠሩት ቺፖች በአብዛኛው እዚያ ላይ ያቆማሉ፤ የተሠሩት ለ4፡2፡0 ነውና።

ስቱዲዮውን መውቀስ አንፈልግም። እያንዳንዳቸው 25 ደቂቃ የሚረዝሙት ሁለቱ ፋይሎች 3.75 ጊጋ ባይት ናቸው፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4,294,967,295 ባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ምክንያቱም የፋይሉ መጠን የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። ኤክስፋት የሚባለው አዲሱ አሠራር ይህ ገደብ የለበትም፤ ሆኖም ብዙ መቀበያዎች አያነቡትም። አቀናባሪው ይህን ያውቅ ነበር። ባለ 10 ቢት መምረጡም ለቅንብር ትክክል ነው። ባለ 8 ቢት ምስል ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃዎች ሲኖሩት ባለ 10 ቢቱ 1,024 አሉት፤ ቀለም ሲስተካከል፣ በተለይ ጉምና ሰማይ ባለበት ሥዕል ላይ፣ በመካከል መስመር እንዳይወጣ ይረዳል። ያልተጠየቀው ጥያቄ «ይህን ፋይል ማን፣ በምን ያየዋል?» የሚለው ነው።

የእኛም ስህተት

ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ሁለቱን ክፍሎች አገናኝተን በኤች.264፣ ባለ 8 ቢት፣ 4፡2፡0 አወጣናቸው። ካሜራው የቀረጸው በሰከንድ 50 ፍሬም ስለነበረ እስክስታው እንዲለሰልስ ብለን 50ውን እንዳለ ተውነው። በቢሮአችን ኮምፒዩተር ላይ ውብ ሆኖ ታየ። ፍላሹም እንደገና መንገደኛ ፈልጎ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ፦ ምስል መጥቷል፣ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ሳይለካ መላኩ አሳፈረን። በተቀባዩ ዓይነት መቀበያ ላይ አንድ ደቂቃ ብንሞክር ኖሮ የአንድ ሳምንት መንገድ ባልባከነ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኤች.264 የመፍቻ ቺፖችን በአቅማቸው በደረጃ ይከፍላቸዋል፤ ደረጃው በማውጫው መስኮት ላይ ሌቭል ተብሎ ይታያል። ብዙ የኤችዲ መሣሪያዎች የተሠሩት ለደረጃ 4.1 ነው። በዚህ ደረጃ ቺፑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንዲፈታ የሚጠበቅበት 16 በ16 ፒክስል የሆኑ 245,760 ቁራጮችን ነው። አንድ ሙሉ ኤችዲ ፍሬም በወርዱ 120፣ በቁመቱ 68 ቁራጭ አለው። 1080 ለ16 ሲካፈል እኩል ስለማይወጣ ጨማቂው ወደ 1088 ያሳድገውና ትርፉን ሲያሳይ ይቆርጠዋል። 120 በ68 ሲባዛ 8,160 ይሆናል። በ25 ፍሬም ብናባዛው 204,000 ነው፤ ያልፋል። በ30 ፍሬም 244,800 ነው፤ ለጥቂት ያልፋል። በ50 ፍሬም ግን 408,000 ነው፤ ከአቅሙ በጣም ይበልጣል። የእኛ ፋይል ደረጃ 4.2 የሚጠይቅ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ቅንብሩን እንዲህ አደረግነው፦ መያዣው ኤምፒ 4፣ ኮዴኩ ኤች.264፣ ፕሮፋይሉ ሃይ የሚባለው፣ ደረጃው 4.0፣ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 8 ሜጋ ቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ192 ኪሎ ቢት። 50 ደቂቃ 3,000 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 1.024 ሜጋ ባይት ሲባዛ 3.07 ጊጋ ባይት ይሆናል። ከፋት 32 ገደብ በታች ስለሆነ በአንድ ፋይል ገባ። ጨማቂው ሥራውን ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበትም አዘዝነው፤ በመጀመሪያው ዙር የትኛው ክፍል ከባድ እንደሆነ ያጠናል፣ በሁለተኛው ከቆመው ምርቃት ቀንሶ ለእስክስታው ይጨምራል። አንባቢ ለሠርግና ለመሰል ሥራ ይህን ቅንብር እንዳለ ሊወስደው ይችላል። ቪዲዮው ሁለት ሰዓት ቢሆን ግን በአንድ ፋይል ለማስገባት ጠቅላላው ቢት ሬት ከ4.7 ሜጋ ቢት መብለጥ የለበትም። ይህ ለኤችዲ ጠባብ ነው፤ በሁለት ፋይል መክፈሉን እንመርጣለን።

በዚህ ጊዜ በአካባቢያችን ካለ ሱቅ የቆየ መቀበያ ተውሰን ሞክረን ነው የላክነው። ዘመሮ ሲደርስ ከጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ታየ። የባናው ቦታ ሲደርስ አያትየዋ አስቁመው እንደገና እንዲመለስ አዘዙ። ፈትሉ ታይቷል፤ ጠርዙም ታይቷል። «ገልብጠው ነው የደረቡላቸው» አሉ።

ሌሎች ተቀባዮች

በስልክ ብቻ ለሚያይ ሰው 1280 በ720 በሰከንድ 2 ወይም 3 ሜጋ ቢት ይበቃዋል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ከዚያ በላይ ያለውን ዓይን አይለየውም፤ የኢንተርኔት ክፍያም ያድናል። ቴሌግራም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንኛውም ተጠቃሚ እስከ 2 ጊጋ ባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። አሜሪካ ላሉ ዘመዶች የሚላክ ከሆነ ጥንቃቄው በፍሬም ቁጥር ላይ ነው። በዚያ አገር ቴሌቪዥን የተመሠረተው በ30ና በ60 ላይ ነው፤ ቀድሞ ከአዲስ አበባ የተላኩ ዲቪዲዎች በዚያ ማጫወቻ ላይ እምቢ ይሉ የነበረው በዚሁ ልዩነት ነው። ዛሬ ኮምፒዩተርና ስልክ 25ን ያለ ችግር ስለሚያሳዩ እንዳለ መላክ ይሻላል። 25ን በግድ 30 ማድረግ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱን መድገም ማለት ነው፤ ትከሻው በየአምስተኛው ይሰናከላል። የካሜራው ቅንብር ገና ከመቀረጹ በፊት 25 ወይም 50 ላይ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። በአገራችን የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የአዳራሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ30 ፍሬም ሲቀረጽ በምስሉ ላይ የሚንሸራተቱ ጥላዎች የሚመጡት ከዚህ ነው።

በድሮ ኤችዲቪ ካሜራ የተቀረጸ ሥራ ያለው ደግሞ ምስሉ 1440 በ1080 ሆኖ ፒክስሎቹ በወርድ የሰፉ መሆናቸውን ይወቅ። እንደ ካሬ ፒክስል ከወጣ ሰዉ ሁሉ ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል። ሲወጣ ወደ 1920 ይዘርጋ። ለቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ለሲኒማ የሚሰጥ ከሆነ ግምት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ተቀባይ የጽሑፍ መስፈርት አለው፣ እርሱን ጠይቆ መቀበል ነው።

መብራት ስለ መጥፋትም አንድ ነገር እንበል። ኤምፒ 4 የእያንዳንዱ ፍሬም አድራሻ የሚገኝበት ማውጫ አለው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ማውጫ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ፋይሉ 99 በመቶ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ወይም ቅጂው ሳያልቅ ፍላሹ ቢነቀል፣ ምስሉ በሙሉ በዲስኩ ላይ እያለ ማጫወቻው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ ዲስክ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ መቅዳት፣ ፍላሹን በሥርዓት አስናብቶ መንቀል፣ ከዚያም ከፍላሹ ላይ መጨረሻውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ባልደረባችን በኋላ የሙሽራዪቱን አባት ንግግር ያካተተ ረዘም ያለ ቅንብር ስለፈለገ ወደ ስቱዲዮው ተመልሶ ሄዶ ነበር። ጥሬው ቀረጻም ሆነ የቅንብሩ ሰነድ ለሌላ ሠርግ ቦታ ለመልቀቅ ተሰርዟል። አሁን የዚያ ቀን ሙሉ ምስል የሚገኘው ዘመሮ ላይ ጨለማ ሆኖ በቀረው ፍላሽ ውስጥ ብቻ ነው፤ ባለ 10 ቢት፣ 4፡2፡2፣ ሃምሳውም ፍሬም ያልተነካ። እኛ ያወጣነው የ8 ሜጋ ቢት ቅጂ ለማየት ነው፤ ወደፊት ሌላ ኮዴክ ሲመጣ እንደገና የሚወጣው ከዚያኛው ነው። ሁለቱን ፋይሎች ሳንነካ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ቀድተን አንዱን ለባልደረባችን ሰጠነው፤ ሌላው ለጊዜው በቢሮአችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በላዩም ላይ ይዘቱ፣ ኮዴኩና የተቀዳበት ቀን በብዕር ተጽፎበታል።